የሾለ ዓይን

«ልጄን ዓይን ገዝቼለት ለጦር አላስረክብም!» አለች ሸዋወርቅ። ከንጋት ጀምሮ ስትደጋግመው ድምፅዋ ጎርነን ብሏል።

«ማን አስረክቢ አለሽ፣ እትዬ ሸዋ?» አለ ጣሰው። የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ በጤና ጣቢያው ረዳት ሆኖ ይሠራል፤ ወደ ሥራው ሲያልፍ ጎራ ብሎ ኮቱን እንደለበሰ በሩ ሥር ቆሟል። «እኔ ያልኩት፣ ሌንሱን አውልቆ ይቅረብና ያለበትን ይናገር ነው። ሕመሙ እውነት ነው። ቲያትር አያስፈልገውም።»

«እውነት!» አለች የሸዋወርቅ ታናሽ እኅት በሰለች ከአልጋው ጫፍ ላይ ሆና። «እውነት ብቻዋን ቀበሌ ገብታ የተመለሰችው መቼ ነው?»

የሚጨቃጨቁበት ልጅ፣ ዘርአ ዳዊት፣ መሐላቸው በተከመረው ባና ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ያነብ ነበር። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ብርዱን እንዲመክት ጭቃው ላይ አሮጌ ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ እናቱ ፈትላና አስሸምና የምትሸጠው የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ባናው፣ ግማሹን ይዞታል፤ ከበግ ጠጉሩ የሚወጣው ሽታ በክረምትም በበጋም አይለቅም። ጋዜጣው ከተለጠፈ ዓመታት አልፈዋል፤ ዘርአ ዳዊት ግን አልጋው ላይ ሆኖ ማንበብ ከጀመረ ገና ሦስት ቀኑ ነው። ስለ አንድ የእርሻ ዘመቻ የሚተርከውን ጨርሶ፣ ከበሩ በላይ ተገልብጦ የተለጠፈውን የእግር ኳስ ውጤት አንገቱን አጣሞ ይከታተላል። ከአዲስ አበባ በተመለሰ ማግስት የእናቱን ፊት አይቶ ነበር። ከሚያስበው በላይ አርጅታለች። ምንም አላላትም፤ እሷም ምን አየህ ብላ አልጠየቀችውም።

ሁለቱ ሌንሶች የሸሚዝ ቁልፍ ያህላሉ፤ ሰማያዊ ቅልም አላቸው። ጣሰው ነው ያስገኛቸው። ለሐኪሞች በተጠራ ስብሰባ ላይ ስለዚህ በሽታ ሰምቶ፣ የወንድሙን ልጅ በሎንቺና አሳፍሮ፣ አዲስ አበባ ከአንድ የውጭ አገር የዓይን ሐኪም ዘንድ አደረሰው። ከዚያ በፊት ልጁ ሦስት ጊዜ መነጽር ተገዝቶለት ሦስቱም አልረዱትም፤ መምህራኑ ሰነፍ ብለውት ከዘጠነኛ ክፍል ወጥቷል፤ እናቱ ጸበል አመላልሳዋለች። ዓይኑ ከውጭ ሲታይ ጉድ ስለሌለው፣ አላይም ሲል የሚያምነው አልነበረም። አሁን ደግሞ የሚያይበት ነገር በተገኘ በአራተኛው ቀን ለብሔራዊ ውትድርና የጤና ምርመራ ተጠራ።

«ይልቅ የምላችሁን ስሙኝ» አለች በሰለች። «አንዱን እግሩን ከአንዱ ሳያጋጭ ቀጥ ብሎ ከገባ፣ እንኳን እነሱ እኔም አላምነው። ኃይሌ እጁን ይዞ ይምራው። የማያይ ሰው ይመራል። እኔም ከኋላ እከተላለሁ።»

ልጇ ኃይለ ገብርኤል ከደጅ ቆመው ካሉት በግ ሻጮች ጋር ሲሳሳቅ ስሙ ሲጠራ ሰምቶ አንገቱን አስገባ። አሥራ ሁለተኛን ተፈትኖ ውጤት ይጠብቃል። በጉንጩ ቆሎ አለ።

«የመሪ ደመወዝ ስንት ነው?» አለ።

«ዝም በል አንተ» አለች እናቱ፤ ግን በሐሳቧ ደስ ብሏት ነበር።

«ኃይሌን ለምን ወደዚያ ትወስጂዋለሽ?» አለ ጣሰው።

«እሱ ምን አለበት? አልተጠራ። ውጤት የሚጠብቅ አይነካም ብሎ ሊቀመንበሩ ራሱ በአፉ ነግሮኛል።»

ጣሰው ሰዓቱን አይቶ ትከሻውን ነቀነቀ። ዘርአ ዳዊት ተነሥቶ፣ ሐኪሙ እንዳስተማረው እጁን ታጥቦ፣ ዓይኑን አፍጥጦ በመዳፉ ላይ ጎንበስ አለ። አንዱ ሌንስ ወደቀ፤ ከዚያ ሁለተኛው። ጋዜጣው ግራጫ ጭጋግ ሆነ። ትንሿን የፕላስቲክ ዕቃ ዘጋና ለማን እንደሚሰጣት አሰበ። ኪሱን በር ላይ ይፈትሹታል። እናቱ እጇን ዘርግታ ነበር፤ የእጇ ጥላ ወደ እሱ ሲመጣ አይቷል። ትናንት ማታ ግን ሳታስበው «ይህን ሌንስ እሳት ቢበላው ይሻል ነበር» ስትል ሰምቷት ነበርና እናቱን አልፎ ዕቃዋን ለአክስቱ ሰጣት። በሰለች መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ሸዋወርቅ የዘረጋችውን እጅ ወደ እንዝርቷ መለሰች። ካለቀሰች ነገሩን ታበላሻለች ተብሎ እሷ ቤት እንድትቀር ተወስኗል።

ውጭው አመዳይ ለብሷል። ዘርአ ዳዊት ሌንሱን ሳያውቅ ይህን መንገድ ያለማንም ይሄድበት ነበር፤ አሁን ግን ሦስት ቀን ካየ በኋላ የቀድሞው ዓይኑ እንግዳ ሆነበት። አንዱ የመብራት ምሰሶ ሦስት ሆኖ ተደርድሯል። የጋሪው ፈረስ እግር አይቆጠርም። ከፊቱ የመጣ ሰው ፊት የለውም፤ ጋቢው ብቻ ነው የሚራመደው። ኃይለ ገብርኤል እጁን ጥብቅ አድርጎ ይዞ «ጉድጓድ!» ይለዋል፤ ሲዘልል ጉድጓድ የለም።

«አንት ወስላታ!»

«ዘለል ስትል ሰው ሁሉ እያየህ ነው፤ ጥሩ ነው፤ ደግሞ ዝለል።»

ከኋላቸው በሰለች «ቀስ በሉ» ትላለች። ኃይለ ገብርኤል ዝቅ ባለ ድምፅ ስለ ውጤቱ ያወራል። ነጥቡ ከመጣለት ምሕንድስና ይፈልጋል፤ ካልመጣለት መምህራን ኮሌጅም አይጠላም፤ ብቻ ከዚህ ብርድ መውጣት ነው። አንዲት ልጅ ከማዶ እጇን አወዛወዘችለት፤ ማን እንደሆነች ለዘርአ ዳዊት ሊነግረው አልፈለገም። «አንተ እንደሆነ አላየሃትም» አለው።

የቀበሌው አዳራሽ ቀድሞ የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን ነበር። አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ግድግዳው ላይ ሥዕሎች አሉ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ሰው ሁሉ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ይጠብቃል። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ የዘርአ ዳዊትን ኪስ ዳበሰና መሐረብ ብቻ አገኘ። በሰለችን አልፈተሻትም። ሊቀመንበሩ ጓድ ወልደተንሣኤ ድሮ ጋዝና ጨው ይሸጥ የነበረ፣ በድምፁ ከሩቅ የሚታወቅ ሰው ነው። በሰለችን ሲያይ ሰላም አላት።

«እኅትሽ ደኅና ናት? ባና ዘንድሮ ስንት ገባ?»

«ሠላሳ አምስት ያወጣል፣ ጓድ። ለእርስዎ በሠላሳ ትሰጥዎታለች።»

«አምና በሃያ አምስት ነው የሰጠችኝ» አለ ሊቀመንበሩ፣ ወረቀቱን እያገላበጠ።

ምርመራውን የሚያደርገው ከሠራዊቱ የመጣ ወጣት ሐኪም ነበር። ሌሊቱን የተጓዘ ይመስላል፤ ድምፁ ይተኛል። የዘርአ ዳዊት ተራ ሲደርስ ኃይለ ገብርኤል እየመራ ወደ ፊት አመጣውና ጎኑ ቆመ። ሐኪሙ ባትሪ አብርቶ በሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ከግራም ከቀኝም አየ። ሲጋራና የጥርስ ሳሙና ይሸታል።

«ይህ ዓይን ከእኔ ዓይን ይነጻል» አለ። «ጠባሳ የለው፣ ሞራ የለው። ሰሌዳው ላይ ምን ይታይሃል?»

«ጥቁር ነገር።»

«ስንት?»

«አንዱ ነው መሰለኝ፤ ግን አራት አምስት ሆኖ ተደራርቧል።»

«በጣም ጥሩ ነው!» አለ ሊቀመንበሩ ከጠረጴዛው። «አንድ ጠላት አራት ሆኖ ከታየው አራቱንም ይተኩሳቸዋል!»

አዳራሹ ሳቀ። ከሳቁት ውስጥ ወረፋ የሚጠብቁትም ነበሩ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አንሥቶ ሊጽፍ ሲል፣ ዘርአ ዳዊት አዲስ አበባ የሰማውን አስታወሰና «ወደ ታች ልይልዎት» አለ። «ከአናቴ በኩል ሆነው የታችኛውን ቆብ ይመልከቱት።» ሐኪሙ እየሰለቸው ተነሥቶ ከኋላው ቆመ። ዘርአ ዳዊት የጫማውን ጫፍ ሲያይ፣ የዓይኑ ፊት በታችኛው ቆብ ላይ ተጭኖ ቆቡን እንደ ትንሽ ድንኳን ወደ ውጭ አሾለው። ሐኪሙ ባትሪውን አስጠጋ። ሲናገር ድምፁ ነቅቷል።

«እንዴ! ይሄን በመጽሐፍ ብቻ ነው የማውቀው። ደግመህ ወደ ታች እይ። ጓድ ሊቀመንበር፣ ይምጡ እስቲ። ዓይኑ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ እንቁላል ጫፍ ሾሏል። ለዚህ ነው መነጽር የማይዘው።»

ሊቀመንበሩም ጸሐፊውም ዘበኛውም በየተራ መጥተው በአናቱ ላይ ጎንበስ አሉ። ዘርአ ዳዊት ጫማውን እያየ ቆየ። እንደ በግ ነበር የተሰማው፤ ጥርሱን አይተው የሚመልሱት በግ። ግን የተመለሰ በግ ቤቱ ይገባል።

«አዲስ አበባ ዓይን ላይ የሚቀመጥ ሌንስ መጥቷል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ ሐኪሙ። «በእሱ ጥሩ ያያሉ ይባላል። አንተስ አገኘህ?»

ከኋላ፣ በሰለች ከተቀመጠችበት በኩል፣ አግዳሚው ሲንቋቋ ተሰማ።

«ወረፋ ላይ ነኝ» አለ ዘርአ ዳዊት።

«ስታገኝ ትመጣለህ። ለአሁኑ ለውትድርና አይበቃም።» ጻፈና ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። በአጋጣሚው የተደሰተ ሰው ነበር፤ የሚያስረዳውን አላጣም። «ልዩነቱ እንዲገባችሁ። አንተ፣ መሪው፣ ና እዚህ መስመሩ ላይ ቁም። ጤነኛ ዓይን እስከ የት እንደሚያነብ ላሳያችሁ። ምልክቶቹ እግራቸው ወደየት እንደዞረ ብቻ ንገረን።»

ኃይለ ገብርኤል የያዘውን እጅ ለቀቀ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጥያቄ ሲጠየቅ የመጀመሪያ መሆን ይወዳል። «ግራ» አለ፣ «ላይ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ታች» እያለ ወረደ። ሐኪሙ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ አራቀው፤ ያኔም ሳያቆም አነበበ። መጨረሻ ላይ፣ ለዘርአ ዳዊት እንኳን ምልክቱ ሰሌዳውም በቅጡ የማይታየውን መስመር፣ እንደ ውዳሴ ማርያም አነበነበው። «ከታች ደግሞ ማተሚያ ቤቱ የጻፈው አለ፤ ላንብበው?» አለ።

«ይኸውና ዓይን!» አለ ሊቀመንበሩ። ወንበሩ ሲገፋ ተሰማ። «አንተ የበሰለች ልጅ አይደለህም? ስንት ዓመትህ ነው?»

«አሥራ ስምንት። ውጤት እየጠበቅሁ ነው።»

«እዚያም ሆነህ ትጠብቀዋለህ።»

«ጓድ ወልደተንሣኤ!» በሰለች ተነሣች። «እሱ እኮ አልተጠራም! ሊመራው ነው የመጣው! ውጤት የሚጠብቅ አይነካም አላሉኝም?»

«ብዬ ነበር። ዛሬ ግን ቁጥሩ ተነግሮናል፤ አንዱ ወጣ፣ አንዱ ይገባል። እኔ ከቤት አላስወጣሁት፣ እኅቴ። አንቺው ነሽ እጁን ይዘሽ ያመጣሽልን።»

ዘርአ ዳዊት ወደ ድምፅዋ ዞረ። ነጭ ነጠላዋ ይታየዋል፤ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡ ሦስት በሰለቾች ናቸው። እጇ ወደ ወገቧ ሄዶ መቀነቷ ላይ ያረፈ መሰለው፤ እርግጠኛ አልነበረም። ፊቷን ማየት አይችልም። አንድ ቃል ይበቃት ነበር፤ ለእሱም ይበቃው ነበር። እኔ ብናገር ኃይሌን አይለቁትም፣ ሁለታችንንም ይወስዱናል ብሎ አሰበ። ይህን በዚያች ሰዓት አስቦት እንደሆነ ወይም በኋላ ቤት ገብቶ ያበጀው ሐሳብ እንደሆነ ከዚያ ወዲያ መለየት አልቻለም። ዓይኑን በጣቱ መገጣጠሚያ አሸ፤ ሐኪሙ አጥብቆ የከለከለው ነገር ነው። በሰለች እጇን ከወገቧ አወረደች። ሌላ ስም ተጠራ።

ዘርአ ዳዊትን ከአዳራሹ ያስወጣው ጣሰው ነው፤ ከጤና ጣቢያው አስፈቅዶ ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር። ነገሩን ከሰዎች ሰምቷል። ክንዱን ይዞ እስከ ቤት ድረስ ያለ ወሬ ወሰደው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ድንጋይ አለ» አለው፤ ድንጋይም ነበር። ሸዋወርቅ ልጇን በር ላይ ስታይ እልል ልትል አፏን ከፈተች። ጣሰው እጁን አንሥቶ ከለከላት። ከነገራት በኋላ እንዝርቷን እንደያዘች ተቀምጣ ቆየችና «አምላኬ፣ እኔ ይህን አላልኩህም» አለች። ከዚያ ተነሥታ ምድጃው ላይ ሽሮ ጣደች።

በሰለች የመጣችው ወደ ማምሻው ነው። የተመለመሉት አዳራሹ ውስጥ እንደሚያድሩና ጎሕ ሲቀድ መኪና እንደሚወስዳቸው ተነግሯታል። ስንቅና የሚለበስ ማቀበል ተፈቅዷል። ጫማዋን በሩ ሥር አወለቀች፤ መቀነቷን ፈታች፤ ትንሿን ዕቃ በጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ያው» አለች።

«እቴቴ» አለ ዘርአ ዳዊት።

«በጤና ያኑርልህ።»

ሸዋወርቅ ለእኅቷ እንጀራ ቆርሳ፣ ሽሮውን ጨልፋ፣ ከላይ ለበዓል የተቀመጠውን ቅቤ ጠብ አደረገችበት። በሰለች አልበላችም። ሸዋወርቅ ጨመረችላት። ሁለቱም ሳህኑን እያዩ ተቀመጡ፤ ቅቤው ረጋ። በዚህ መሐል ነው የንስሐ አባታቸው አባ ገብረመንፈስቅዱስ መስቀላቸውን ይዘው የገቡት፤ ወሬውን ሰምተው በሰለችን ለማጽናናት ነው። ተሳለሟቸው። «የእናት ዕንባ መሬት አይወድቅም፤ ጠባቂ መልአኩ አብሮት ነው» አሉና ተቀመጡ። ዘርአ ዳዊት ሌንሶቹን አድርጎ ነበርና የአባን ጺም ፀጉር በፀጉር ያያል። አክስቱን አላያትም፤ ዕድሉን አግኝቶም ፊቱን ወደ እሷ አላዞረም። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑ ስለደከመ ጎንበስ ብሎ አወለቃቸውና ጣሰው ባፈላውና ባቀዘቀዘው ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ዘፈዘፋቸው።

አባ ብርጭቆውን አነሡ። «ይኼ ጸበል ነው?»

«አይጠጡት፣ አባ! ዓይኔ ነው!»

ጣሰው ሳቀ፤ ሸዋወርቅም ሳቀች፤ ከዚያ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባ ግን ሰምተው የማያውቁት ነገር ነበርና ብርጭቆውን ወደ ኩራዙ አስጠጉ። ጥያቄ ጀመሩ። ጣሰውም ቀኑን ሙሉ ታፍኖ የቆየው አፉ ተፈታ። ሐኪሙ ጥቁርና ነጭ ክበብ የተሳለበት፣ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ጠፍጣፋ ነገር በልጁ ዓይን ፊት ይዞ በቀዳዳው እንዳየ፣ በደኅና ዓይን ላይ ክበቡ ክብ ሆኖ እንደሚያርፍ፣ በዚህ ልጅ ዓይን ላይ ግን እንደ ተጨመቀ እንቁላል ወደ ታች እንደረዘመ ተረከላቸው። «ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ራሴ እንዲህ ያሉትን ቫይታሚን እየሰጠሁ እሸኛቸው ነበር» አለ። «ሌንሱ የሾለውን ክብ አድርጎ ይሸፍንለታል። አንድ ቀን አልይዝ ካለው ደግሞ፣ የዓይኑን ፊት ቆርጠው ከሞተ ሰው የተወሰደ ይሰፉለታል።»

«ከሞተ ሰው!» አሉ አባ። «ቆይ እስቲ። በትንሣኤ ቀን ባለቤቱ ተነሥቶ ዓይኔን ቢለው ምን ሊመልስ ነው?»

«ያኔ ሁሉም አዲስ ይሰጠው የለም እንዴ፣ አባ?»

«ይሰጠዋል፣ ይሰጠዋል። ግን ያ ሰው ዓይነ ክፉ ከነበረስ? በዚያ ዓይን ያየው ኃጢአት የማን ሊባል ነው?»

«ሐኪሙን ይጠይቁልኝ» አለ ጣሰው። ሸዋወርቅ አሁን ሳትሸፍን ሳቀች። አባም ሳቁ፤ ጉዳዩን ግን አልለቀቁትም፤ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው የዲያቆንነት ጊዜያቸውን መጻሕፍት በሐሳባቸው ያገላብጡ ጀመር።

ዘርአ ዳዊት ከግድግዳው ተደግፎ ይሰማቸዋል። ጋዜጣው ጠፍቷል፤ የኩራዙ ነበልባል ጅራት አውጥቶ አምስት ስድስት ሆኗል። ባናው ከተከመረበት በኩል አንድ ነጭ ነጠላ ተነሣ። ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፤ ትከሻው ላይ ሰፊ ቡናማ ነገር ተጭኗል። ባና የገዛ ገበያተኛ መሰለው፤ በዚህ ሰዓት ገበያተኛ እንደማይመጣ አላሰበም። በሩ ሥር የተወለቀ ጫማ ሲጠለቅ ተሰማ፤ በሩ ተከፍቶ የውጭው ብርድ ገባ፤ ነበልባሉ ተንቀጠቀጠ።

«እንግዲህ ለሚስቱ ቢሆንስ?» ይሉ ነበር አባ። «የሟቹን ሚስት በሟቹ ዓይን ቢያያትስ?»

«በሩን ግፋው ጣሰው» አለች ሸዋወርቅ፤ «ሌንሱን ከደጅ ያዩብናል።» ጣሰው በተቀመጠበት እጁን ዘርግቶ በሩን ገፋው።